የቅጂ መብት ደንብና የመረጃ አጠቃቀም ሥልጠና በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት፦ ለባለሙያዎች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ሴሚስተሩ ተጀምሮ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አንድ መምህር ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ይመጣል። ለኮርሱ የመረጠው መጽሐፍ በመደርደሪያው ላይ ያለው አንድ ቅጂ ብቻ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ግን 60 ተማሪ ተቀምጧል። «ሙሉውን ኮፒ አድርጉልኝ» ይላል። በዚያች ደቂቃ የሕግ አገልግሎቱም ሴኔቱም ፕሬዚዳንቱም አጠገብ የሉም። ያለው የሰርኩሌሽን (የመጽሐፍ ማዋሻ ክፍል) ሠራተኛው ብቻ ነው። የቅጂ መብት ሕግን በየዕለቱ ሥራ ላይ የሚያውለው ወይም የሚጥሰው እሱ ነው ማለት ነው። የተጻፈ ደንብ ካለ በደንቡ ይመልሳል፤ ከሌለ ግን እንደ ጠያቂው ማዕረግና ቁጣ ይመልሳል። ለዶክተሩ የተፈቀደው ለተማሪዋ ይከለከላል፣ ዛሬ እሺ የተባለው ነገ አይሆንም ይባላል።

ስለዚህ የዩኒቨርሲቲው የቅጂ መብት ደንብ መረቀቅ ያለበት በቤተ መጻሕፍቱ ነው እላለሁ። የሕግ ባለሙያው ያርመው፣ ሴኔቱ ያጽድቀው፤ ብዕሩን መጀመሪያ የሚያነሳው ግን ጥያቄውን በየቀኑ የሚሰማው ሰው ይሁን። ይህንን ሥራ ለተማሪ ከምንሰጠው የመረጃ አጠቃቀም ሥልጠና ነጥሎ ማየትም አይጠቅምም። ምን ያህል መጥቀስ እንደሚፈቀድለት ያልተማረ ተማሪ ምንጭ ለምን እንደሚጠቀስም አይገባውም። ደንቡ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሥልጠናው ከሌለ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

የሚከተለው አካሄድ ለመንግሥትም ለግል ዩኒቨርሲቲም ይሠራል። በአንድ ጉዳይ ላይ ክርክር ከተነሳ ግን የሕግ አገልግሎታችሁን አማክሩ፤ ይህ መመሪያ የእነሱን ቦታ አይተካም።

ደረጃ 1፦ አዋጁን ራሳችሁ አንብቡ

በሥራ ላይ ያለው ሕግ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። ሁለቱንም ከነጋሪት ጋዜጣ አትማችሁ ጠረጴዛችሁ ላይ አኑሩ። ስለ ሕጉ የተጻፈ ማብራሪያ ከማንበባችሁ በፊት ሕጉን አንብቡ፤ ረጅም አይደለም። ለቤተ መጻሕፍት ሰው ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጉት አራት አንቀጾች ናቸው።

አንቀጽ 9 ስለ ግል አገልግሎት ነው። አንድ ግለሰብ ለራሱ ብቻ ከታተመ ሥራ ላይ አንድ ቅጂ ቢያባዛ ባለመብቱ ሊከለክለው አይችልም። ሆኖም የባለመብቱን ሕጋዊ ጥቅም አላግባብ የሚጎዳ ማባዛት በዚህ አይሸፈንም፤ ለኮምፒውተር ፕሮግራምና ለዲጂታል ዳታቤዝም የተለየ ገደብ አለ። ልብ በሉ፦ ፈቃዱ የተሰጠው ለግለሰብ ነው፣ የሚባዛውም አንድ ቅጂ ነው። አንድ የክፍል ተወካይ ለ60 ጓደኞቹ ቢያባዛ «ለግል ነው» ሊል አይችልም።

አንቀጽ 10 ስለ ጥቅስ ነው። ከታተመ ሥራ ላይ መጥቀስ ይቻላል፤ ጥቅሱ ግን መልካም ልማድን የተከተለ፣ ለተፈለገው ዓላማ ከሚያስፈልገው ያልበለጠ፣ ምንጩና የደራሲው ስም የተገለጸበት መሆን አለበት። ይህ አንቀጽ በሥልጠናው ላይ ስለሚመለስ ምልክት አድርጉበት።

አንቀጽ 11 ለማስተማር ተግባር ማባዛትን ይፈቅዳል። እዚህም ገደቡ መልካም ልማድና ለዓላማው የሚበቃ መጠን ነው። መምህሩ አንድ ሠንጠረዥ፣ አንድ ግጥም ወይም ከአንድ ምዕራፍ የተወሰኑ ገጾች ለክፍሉ ቢያባዛ በዚህ ሊከራከር ይችላል። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ቢያባዛ ግን የሚከራከርበት መሬት የለውም።

አንቀጽ 12 የእኛው ነው። ለትርፍ የማይሠሩ ቤተ መጻሕፍት፣ ቤተ መዛግብትና ተመሳሳይ ተቋማት በሁለት ሁኔታ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ማባዛት ይችላሉ። የመጀመሪያው ሰው ሲጠይቅ ነው። የሚባዛው የታተመ ጽሑፍ፣ አጭር ሥራ ወይም ከሥራው የተወሰደ አጭር ክፍል መሆን አለበት፤ ቤተ መጻሕፍቱ ቅጂው ለጥናት ወይም ለግል ምርምር ብቻ እንደሚውል ማመን አለበት፤ ድርጊቱም የተናጠል እንጂ ተያያዥነት ያለው ተደጋጋሚ ማባዛት መሆን የለበትም። በዚህ ላይ ብዙ ባለመብቶችን ወክሎ ለማባዛቱ የጋራ ፈቃድ የሚሰጥ የሚታወቅ አካል አለመኖሩን ሕጉ ይጠይቃል። የ872ቱ ማሻሻያ የባለመብቶች የጋራ አስተዳደር ማኅበራት የሚሠሩበትን ሥርዓት ስላስገባ፣ በየዓመቱ መጀመሪያ ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ደብዳቤ ጽፋችሁ ለመጻሕፍት ማባዛት ፈቃድ የሚሰጥ ማኅበር መኖር አለመኖሩን ጠይቁ። መልሱን ፋይል አድርጉ፤ በቅን ልቦና እንደሠራችሁ የሚያሳይ ሰነድ ነው።

ሁለተኛው ሁኔታ ጥበቃ ነው። የተበላሸ፣ የጠፋ ወይም ሊበላሽ የደረሰ ቅጂን ለማቆየት ወይም ለመተካት ማባዛት ይቻላል፤ በተመሳሳይ ቤተ መጻሕፍት ቋሚ ስብስብ ውስጥ የጠፋውንም ለመተካት ይቻላል። ቅድመ ሁኔታው ሥራውን በተገቢ ሁኔታ ገዝቶ ማግኘት አለመቻሉ ነው። ስለዚህ ገጹ የረገፈ የአማርኛ መጽሐፍ ስካን ከማድረጋችሁ በፊት አሳታሚውን፣ የመጽሐፍ መደብሮችንና አሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎችን ጠይቃችሁ ውጤቱን በሁለት መስመር መዝግቡ።

የጥበቃ ዘመኑንም አትርሱ። የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ያረፉት በ1938 (እ.ኤ.አ.) ስለሆነ በስማቸው የታተሙት ሥራዎች ዘመን አልፏል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ2003 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ የእሳቸው እስከ 2053 ይጠበቃል። ሁለቱንም በአንድ መደርደሪያ «የድሮ መጻሕፍት» ብሎ አንድ ላይ ስካን ማድረግ ከባድ ስህተት ነው። ጥንታዊ የብራና ጽሑፍ ራሱ ነጻ ቢሆንም በቅርብ የተሠራ ትርጉሙና ማብራሪያው የራሱ ባለመብት አለው። የሕግ፣ የአስተዳደርና የዳኝነት ይፋ ሰነዶች ግን ጥበቃ ስለሌላቸው ያለ ሥጋት ማባዛት ትችላላችሁ፤ የሕግ ተማሪዎችን በዚህ በኩል በልግስና አገልግሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ ያስፈልጋል። ኢንተርኔት ላይ የሚነበበው «ፌር ዩዝ» የአሜሪካ ሕግ ነው፤ በ1976ቱ (እ.ኤ.አ.) የቅጂ መብት ሕጋቸው አንቀጽ 107 የሚገኝ፣ ፍርድ ቤት አራት ነጥቦችን እየመዘነ የሚወስንበት ሰፊ ሚዛን ነው። የእኛ አዋጅ ግን የተፈቀዱትን ሁኔታዎች አንድ በአንድ ነው የዘረዘረው። ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ የተቀዳ ደንብ በእኛ አገር ጠበቃ ፊት አይቆምም።

ደረጃ 2፦ አሁን የሚደረገውን መዝግቡ

ደንብ ከመጻፋችሁ በፊት ለአንድ ወር ያህል ያለውን አሠራር ሳትፈርዱ ተመልከቱ። ኮፒ ማሽኑ አጠገብ ምን ይባዛል? ሪዘርቭ ክፍሉ (እዚያው ብቻ የሚነበቡ መጻሕፍት የሚቀመጡበት) ውስጥ ያሉት ቅጂዎች ምን ያህሉ ፎቶ ኮፒ ናቸው? የዲፓርትመንቶቹ የቴሌግራም ቻናሎች ላይ ምን ይጫናል? በመምህራን የተዘጋጁ ሃንድአውቶችና ሞጁሎች ውስጥ ምንጫቸው ያልተጠቀሰ ሥዕሎች አሉ? ቴሲሶች (የመመረቂያ ጽሑፎች) በምን ፈቃድ ነው ስካን የሚደረጉት? ከግቢው በር ውጭ ያሉት ኮፒ ቤቶችስ ለየትኛው ኮርስ ምን ጠርዘው ይሸጣሉ?

ከዝርዝሩ የሰዎችን ስም አውጡ። ዓላማው የሚያስፈልገውን ማወቅ እንጂ ጥፋተኛ መፈለግ አይደለም። አብዛኛው ሕገወጥ ኮፒ የሚመጣው መጽሐፉ ስለሌለ ነው። አንድ መጽሐፍ በሴሚስተር ውስጥ በተደጋጋሚ ለኮፒ ከተጠየቀ፣ ያ ለግዢ ክፍሉ ከማንኛውም ጥናት የበለጠ ማስረጃ ነው።

ደረጃ 3፦ ለባንኮኒው ጥያቄዎችን አዘጋጁ

የሰርኩሌሽን ሠራተኛ አዋጅ እየገለጠ ሊሠራ አይችልም። አራት ጥያቄ በአንድ ካርድ ላይ ጽፋችሁ ባንኮኒው ላይ አስቀምጡለት፦ ለማን ነው? ለምን ተግባር ነው? ምን ያህሉ ነው? ተገዝቶ ይገኛል ወይ?

ይህ በተግባር እንዲህ ይመስላል።

«እትዬ፣ ይችን መጽሐፍ ሙሉዋን ኮፒ ላድርጋት?»

«ለምን ፈለግሻት የኔ ልጅ?»

«ለፕሮፖዛሌ ነው። አድቫይዘሬ የናሙና አወሳሰዱን እይ ብሎኛል።»

«እሱ ምዕራፍ 3 ላይ ነው፤ 22 ገጽ ነው። እሱን አንሺ። ስምሽን፣ መጽሐፉንና ገጹን እዚህ ሙዪ፣ ለጥናት መሆኑንም ፈርሚ። የቀረውን እዚሁ ተቀምጠሽ አንብቢ፤ ነገም ለአንቺ አቆየዋለሁ።»

ተማሪዋ የሚያስፈልጋትን አገኘች፣ ቤተ መጻሕፍቱም የአንቀጽ 12ን ሁኔታዎች በፊርማ አሟላ። ይህን ያስቻለው ባለሙያዋ መጽሐፉን ማወቋ ነው። ክልከላ ብቻ የሚያውቅ ሠራተኛ ተማሪዋን ወደ ውጭ ኮፒ ቤት ይልካታል፤ እዚያ ደግሞ ሙሉው መጽሐፍ ይባዛል።

«አጭር ክፍል» ስንት ገጽ ነው? አዋጁ ቁጥር አላስቀመጠም። እንደ አውስትራሊያ ባሉ አገሮች 10 በመቶ ወይም አንድ ምዕራፍ የሚለው መለኪያ በሕግ ተቀምጧል። ይህንን ለውስጥ አሠራር መነሻ አድርጎ መውሰድ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ደንባችሁ ውስጥ ስትጽፉት የቤተ መጻሕፍቱ መለኪያ መሆኑን ግለጹ፤ «ሕጉ 10 በመቶ ይፈቅዳል» ብላችሁ አትጻፉ። ለግጥም፣ ለአጭር ልቦለድና ለሥዕል መቶኛ አይሠራም፤ እነዚህን ለኃላፊው ውሳኔ ተዉ።

ደረጃ 4፦ ደንቡን አርቅቁ

ረጅም ደንብ አይነበብም። አምስት ስድስት ገጽ ይበቃል። ቤተ መጻሕፍቱ፣ የሕግ አገልግሎቱ፣ የምርምር ዳይሬክቶሬቱ፣ ሬጅስትራሩ፣ የአይሲቲ ክፍሉ፣ የመምህራንና የተማሪዎች ተወካዮች ያሉበት ትንሽ ኮሚቴ ይቋቋም። የመጀመሪያውን ረቂቅ ግን ባዶ እጃችሁን ሄዳችሁ ከኮሚቴው አትጠብቁ፤ ጽፋችሁ ይዛችሁ ግቡ።

በደንቡ ውስጥ ሳይነሳ የማይታለፍ አንድ ከባድ ጉዳይ የባለቤትነት ጉዳይ ነው። በአዋጁ መሠረት በቅጥር ውል የተሠራ ሥራ፣ ውሉ ሌላ ካላለ በስተቀር፣ የመጀመሪያ ባለመብቱ አሠሪው ነው። ይህን በቀጥታ ብንወስደው መምህሩ ያዘጋጀው ሞጁልና ሃንድአውት፣ ከዚያም አልፎ መጽሐፉ የዩኒቨርሲቲው ነው ሊባል ይችላል። መምህራን ይህንን ሲሰሙ ደንቡን ሁሉ ይቃወማሉ፤ ተቃውሟቸውም ተገቢ ነው። መፍትሔው በግልጽ መጻፍ ነው፦ የምርምር ጽሑፍና መጽሐፍ የመምህሩ ሆኖ ይቆያል፤ ዩኒቨርሲቲው ተለይቶ ከፍሎ ያሠራው ሞጁል የዩኒቨርሲቲው ይሆናል፤ ለመደበኛ ማስተማሪያ የተዘጋጀው ደግሞ የመምህሩ ሆኖ ዩኒቨርሲቲው በግቢው ውስጥ የመጠቀም ፈቃድ ያገኛል። ሕጉ በውል ሌላ መስማማት ስለሚፈቅድ ይህ ይቻላል፤ ነገር ግን በጽሑፍና በፊርማ ይሁን።

የተማሪ ሥራ ከዚህ ይለያል። ተማሪ ተቀጣሪ አይደለም። ቴሲሱ የተማሪው ነው፤ አድቫይዘሩም ሐሳብ ስለሰጠ ብቻ ባለመብት አይሆንም።

ቅጣትን በተመለከተ ደንቡ ላይ ብዙ አትዘርዝሩ። አዋጁ ሆን ብሎ መብት የሚጥስ ሰውን በጽኑ እስራት እንደሚቀጣ መግለጽና የውስጥ ዲሲፕሊን ሥርዓቱን መጥቀስ ይበቃል።

ደረጃ 5፦ ቴሲሱን በፈቃድ ተቀበሉ

በ2019 (እ.ኤ.አ.) በወቅቱ የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ለከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ብሔራዊ የኦፕን አክሰስ ፖሊሲ አወጣ። በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ምርምር ለሕዝብ ክፍት ይሁን፣ በብሔራዊው የአካዳሚ ዲጂታል ማከማቻም ይቀመጥ ይላል። ናድሬ የምንለው ማከማቻ ይህ ነው። ፖሊሲው ትልቅ እርምጃ ነው፤ በሙሉ ልብ ሊደገፍ ይገባል። ሆኖም ፖሊሲ የደራሲን ፈቃድ አይተካም። ሬጅስትራሩ ከክሊራንስ በፊት የሚከተለውን ቅጽ እንዲያስፈርም ተስማሙ፦

«እኔ ስሜ ከዚህ በታች የተጠቀሰው የዚህ የመመረቂያ ጽሑፍ ደራሲ ነኝ። ዩኒቨርሲቲው ጽሑፌን በዲጂታል ማከማቻው እንዲያስቀምጥ፣ ለጥበቃ ሲባል ፎርማቱን እንዲቀይርና በኢንተርኔት በነጻ እንዲያቀርብ ፈቅጃለሁ። ጽሑፌን በጆርናል ወይም በመጽሐፍ የማሳተም መብቴ እንደተጠበቀ ነው። ከሌላ ሰው ሥራ የተወሰዱ ካርታዎች፣ ሥዕሎችና መጠይቆች ካሉ ፈቃድ አግኝቻለሁ ወይም ሕጉ በሚፈቅደው መጠን ምንጫቸውን ጠቅሼ ተጠቅሜያለሁ። ጽሑፌ ለንባብ የሚከፈተው፦ ወዲያው / ከአንድ ዓመት በኋላ / ከሁለት ዓመት በኋላ።»

የመጨረሻው ምርጫ መኖሩ ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል። ጽሑፉን ወደ ጆርናል ሊልክ ያሰበ ተማሪ አንድ ዓመት ቢጠብቅ ማንም አይጎዳም። የፓተንት ጥያቄ ሊቀርብበት የሚችል የምህንድስና ወይም የፋርማሲ ሥራ ከሆነ ግን መዘግየቱ ግዴታ ነው፤ ከይፋ ማውጣት በፊት ከምርምር ዳይሬክቶሬቱ ጋር ተነጋገሩ።

ደራሲው ሌሎች ሥራውን እንዲጠቀሙበት አስቀድሞ የሚፈቅድባቸውን የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃዶችንም አስረዱ። ስድስት ዓይነት ናቸው፤ ሁሉም የደራሲውን ስም መጥቀስን ይጠይቃሉ። ልዩነታቸው ለንግድ መጠቀምን፣ መለወጥንና የተለወጠውን በዚያው ፈቃድ ማውጣትን በሚመለከት ነው። ፈቃዱ አንዴ ከተሰጠ በኋላ መልሶ መሰብሰብ እንደማይቻል ከመፈረሙ በፊት ለተማሪው ንገሩት።

የፈቃድ ቅጽ ሳይፈረምባቸው በቆዩ ዓመታት የተሰበሰቡ ቴሲሶችስ? ርዕሳቸውንና አጽሕሮታቸውን (አብስትራክታቸውን) ካታሎግ ላይ አውጡ፤ ሙሉውን ጽሑፍ በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ብቻ አስነብቡ፤ ደራሲዎቹን በአልሙናይ በኩል እያፈላለጋችሁ ፈቃድ ሲገኝ ክፈቱ። አዝጋሚ ነው፤ ትክክለኛው መንገድ ግን ይኸው ነው።

ደረጃ 6፦ የኦንላይን ምንጮችን ውል አክብሩ

የምርምር ጽሑፎችን በኦንላይን የሚያቀርበው ሪሰርች ፎር ላይፍ ሂናሪ፣ አጎራ፣ ኦዋሬ፣ አርዲና ጎዋሊ የተባሉ ክፍሎቹን ይዞ ለእኛ ተቋማት ትልቅ በር ከፍቷል። ይህ አገልግሎት በውል የሚሰጥ ነው። የይለፍ ቃሉን በግድግዳ ወይም በቴሌግራም ላይ መለጠፍ፣ ለግቢው ማኅበረሰብ ላልሆነ ሰው መስጠት፣ የአንድን ጆርናል እትሞች በጅምላ ማውረድ ውሉን ያፈርሳል፤ አሳታሚው የተቋሙን መግቢያ ሊዘጋው ይችላል። አንድ ተማሪ በአንድ ሌሊት የሚሠራው ጥፋት የሺዎችን በር ይዘጋል።

በዲፓርትመንት ቻናል ላይ ፒዲኤፍ በመጫን ፈንታ ሊንክ መላክን ልማድ አድርጉ። ለመጀመሪያ ዓመት ኮርሶች ደግሞ ከሕገወጥ ፒዲኤፍ የተሻለ አማራጭ አለ፤ በአሜሪካ የራይስ ዩኒቨርሲቲ ፕሮጀክት የሆነው ኦፕንስታክስ በፊዚክስ፣ በባዮሎጂ፣ በኢኮኖሚክስና በሌሎችም ትምህርቶች በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ የወጡ ሙሉ የመማሪያ መጻሕፍት አሉት። መምህሩ ያለ ሥጋት አውርዶ ለክፍሉ ሊያድላቸው ይችላል። ይህንን ዝርዝር ይዛችሁ ዲፓርትመንቶችን ዙሩ።

ደረጃ 7፦ ማየት የተሳናቸው ተማሪዎች

በ2013 (እ.ኤ.አ.) የተፈረመው የማራካሽ ስምምነት ማየት ለተሳናቸውና የታተመ ጽሑፍ ለማንበብ ለሚቸገሩ ሰዎች መጻሕፍትን ያለ ባለመብቱ ፈቃድ በብሬል፣ በድምፅና በሚነበብ ዲጂታል ፋይል ማዘጋጀትን ይፈቅዳል። ኢትዮጵያ በ2020 (እ.ኤ.አ.) ተቀላቅላለች። ስለዚህ ለእነዚህ ተማሪዎች ሙሉ መጽሐፍ ስካን ማድረግ ልመና መሆኑ ቀርቷል። ፋይሉን ለሚገባው ተማሪ ብቻ ስጡ፣ መዝግቡ፣ ሌላው ዩኒቨርሲቲም እንዲጠቀምበት ተለዋወጡ። በየግቢው ፈቃደኛ አንባቢ እየተለመነ አንድን መጽሐፍ አሥር ጊዜ ከመቅዳት አንዴ በጥራት አዘጋጅቶ መካፈል ይሻላል።

ደረጃ 8፦ ሥልጠናውን ኮርስ ውስጥ አስገቡ

በፍሬሽማን አቀባበል ሳምንት የሚደረገው የቤተ መጻሕፍት ጉብኝት ሥልጠና አይደለም። ተማሪው ያኔ የመጸዳጃ ቤቱንና የካፌውን ቦታ ነው የሚይዘው። ሥልጠና የሚጠቅመው አሳይመንት በተሰጠ ማግስት ነው። ስለዚህ መምህሩን አነጋግሩና ከኮርሱ ላይ ሁለት ክፍለ ጊዜ ውሰዱ፤ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ደግሞ ከሪሰርች ሜቶዶሎጂ ኮርሱ ላይ። ከተቻለ ለሥልጠናው ትንሽም ብትሆን ነጥብ ይሰጥበት።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ማፈላለግና መመዘን ነው። አምስት የሪፈረንስ መግለጫዎች በአንድ ወረቀት ላይ አትሙ፤ ሦስቱ እውነተኛ፣ ሁለቱ በቻትጂፒቲ ተጠይቀው የወጡና የሌሉ ይሁኑ። ተማሪዎቹ በ20 ደቂቃ ይለዩ። ርዕሱን በጉግል ስኮላር ይፈልጉ፤ የጆርናሉን ድረ ገጽ ከፍተው በተባለው ቅጽና ዓመት ጽሑፉ መኖሩን ይዩ፤ የዲኦአይ ቁጥሩን (የጽሑፉን ቋሚ የኦንላይን መለያ) አስገብተው የት እንደሚወስዳቸው ይመልከቱ። የሐሰተኛው ደራሲ ስም ትክክለኛ የዘርፉ ምሁር፣ ጆርናሉም በእውን ያለ ሆኖ ጽሑፉ ብቻ የሌለ ሲሆን የሚያዩት መደነቅ ከብዙ ስብከት ይበልጣል። በ2023 (እ.ኤ.አ.) በኒውዮርክ ሁለት ጠበቆች ማሽኑ የፈጠራቸውን የሌሉ የፍርድ ውሳኔዎች ለፍርድ ቤት አቅርበው ከቢሯቸው ጋር 5,000 ዶላር መቀጣታቸውን ንገሯቸው።

ለመምህራንና ለፒኤችዲ ተማሪዎች በዚሁ ላይ የአጭበርባሪ ጆርናሎችን ጉዳይ ጨምሩ። ገንዘብ ተቀብሎ በሦስት ቀን «ተገምግሟል» የሚል ጆርናል የደረጃ ዕድገት ማመልከቻን ያበላሻል፤ የመምህሩንም ኪስ ያራቁታል። የኤዲተሮቹን ስም ፈልጉ፣ በዶአጅ (የኦፕን አክሰስ ጆርናሎች ማውጫ) ዝርዝር ውስጥ መኖሩን እዩ፣ ለአገር ውስጥ ጆርናል ደግሞ የትምህርት ሚኒስቴርን የዕውቅና ዝርዝር ተመልከቱ። አንድ መምህር ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ደውሎ የሚጠይቅበት ልማድ ቢፈጠር የሥልጠናው ግማሽ ዋጋ ተመለሰ ማለት ነው።

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ መጥቀስ ነው፤ አንቀጽ 10 እዚህ ይመለሳል። ተማሪዎቹ አንድ አንቀጽ ይሰጣቸውና በቀጥታ ጥቅስ፣ በራሳቸው ቃል አሳጥረው፣ ከዚያም በራሳቸው ቃል አብራርተው ይጻፉት። በሦስቱም ላይ ምንጭ እንደሚያስፈልግ አብዛኞቹ ያን ቀን ነው የሚሰሙት። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ቃል በቃል የተተረጎመ ገጽም የሌላ ሰው ሥራ መሆኑን በምሳሌ አሳዩ። የጽሑፍ መመሳሰልን የሚፈትሸው ሶፍትዌር በሌላ ቋንቋ የተሰረቀውን ላይይዘው ይችላል፤ ተርጉሞ ማባዛትና ማውጣት ደግሞ ራሱ የደራሲው መብት ነው።

ሶፍትዌሩ የሚሰጠው መቶኛም የጥፋት መጠን አይደለም። በትክክል የተጠቀሰ ጥቅስና የሪፈረንስ ዝርዝር ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል፤ ከአንድ ጽሑፍ የተሰረቀ አንድ ገጽ ደግሞ በዝቅተኛ ቁጥር ውስጥ ሊያልፍ ይችላል። ኮሚቴዎች ሪፖርቱን ከፍተው እንዲያነቡ እንጂ በቁጥሩ ብቻ እንዳይፈርዱ ቤተ መጻሕፍቱ ሊያስተምር ይገባል።

የስማችን ጉዳይም አለ። ዞቴሮና መሰሎቹ የሪፈረንስ ማደራጃ ፕሮግራሞች የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ስለሚወስዱ የአባት ስም ወደ ፊት ይመጣና ደራሲው በአባቱ ስም ይጠቀሳል። በዞቴሮ የደራሲ ስም ሳጥኑን ወደ አንድ ሳጥን ቀይራችሁ የደራሲውን ስም ከነአባቱ በቅደም ተከተል ጻፉት። የዲፓርትመንቱ የአጻጻፍ መመሪያ ሌላ ካላዘዘ በስተቀር ይህንን አስተምሩ፤ ካታሎጋችሁም በዚሁ ይመራ።

ደረጃ 9፦ ቅሬታ ሲመጣ

የቱንም ያህል ብትጠነቀቁ አንድ ቀን አንድ ደራሲ ወይም አሳታሚ «ሥራዬ ያለ ፈቃዴ ማከማቻችሁ ላይ ወጥቷል» ብሎ ይጽፋል። የማከማቻው ገጽ ግርጌ ላይ ቅሬታ የሚቀርብበት ኢሜይልና የሥራ ክፍል ስም ከመጀመሪያው ይኑር። ደብዳቤው እንደደረሰ ፋይሉን ከንባብ አውርዱ፤ ርዕሱንና አጽሕሮቱን ግን አቆዩት። ለአመልካቹ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ፋይሉ መውረዱን ገልጻችሁ መልሱ። ከዚያ የባለመብትነት ማስረጃ ጠይቁ፣ የፈቃድ ቅጹን ከፋይል አውጡ፣ ለሕግ አገልግሎቱ ግልባጭ ላኩ። ቅጹ ተፈርሞ ከተገኘ ለአመልካቹ ቅጂውን ልካችሁ ፋይሉን መልሱ፤ ካልተገኘ እንደወረደ ይቆይና ፈቃድ መጠየቂያ ደብዳቤ ይጻፍ። ደራሲው ራሱ ሐሳቡን ቀይሮ የጠየቀ ከሆነ ምክንያቱን አዳምጡ፤ ብዙ ጊዜ አሳታሚ አግኝቶ ነው፣ በጽሑፉ ፈንታ የመጽሐፉን መግለጫ ማስቀመጥ ይስማማዋል። እያንዳንዱን ጉዳይ ቀን፣ ጠያቂ፣ የተወሰደ እርምጃና ውጤት ብላችሁ በአንድ መዝገብ አስፍሩ፤ ኮሚቴው በዓመቱ መጨረሻ ደንቡን ሲያሻሽል መጀመሪያ የሚከፍተው ይህንን መዝገብ ይሁን።